ደርሷል ያሉኝ ሁሉ

እና ወርዷል ትለኛለች፣ ጎበዝ፣ በጣም ነው የወረደው፣ እንደዚሁ ቀጥዪ ትላለች ናዝራዊት፣ በእጇ ጉልበቴን ቸብ ቸብ እያደረገች፣ እኔም አምናታለሁ፣ የባሌ እህት አይደለች፣ አዋላጅ አይደለች፣ አምኛት ጥርሴን ነክሼ የመጣውን ምጥ እቀበላለሁ፣ ከወገቤ ይነሳል፣ ዛሬ ሁሉም ከወገቤ ነው፣ ወደ ፊት አይመጣም፣ ኋላዬን ይዞ አጥንቴን ከአጥንቴ ያላቅቃል፣ ማርያም ማርያም፣ ከዚያ ይለቀኛል፣ ሲለቀኝ ጆሮዬ ይከፈታል፣ የተከፈተው ጆሮዬ ደግሞ ዶክተር ክብረትን ይሰማል፣ ከእሷ ኋላ ቆሞ፣ ስክሪኑን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁንም መቶ አምስት ነው፣ ምንም ለውጥ የለውም ይላል።

መቶ አምስት።

ጠዋት ከአዘዞ በባጃጅ መጥቼ እዚህ አልጋ ላይ ስወጣም መቶ አምስት ነበር፣ ራሷ ናዝራዊት ናት ያነበበችው። የአልትራሳውንዱን እጀታ ጓንት አልብሳ፣ ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ፣ ከውጭ፣ ከውጭ ብቻ አስጠግታ፣ ይኸውልሽ እንኳዬ፣ ይህ ነጩ የአንቺ አጥንት ነው፣ ይህ ክቡ የልጁ ራስ ነው፣ በአጥንትሽ ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ፣ ከዚያ የልጁን ራስ ጠርዝ የሚነካ ሌላ መስመር፣ በሁለቱ መሀል ያለው ዘዌ እየሰፋ ሲሄድ ልጁ እየወረደ ነው ማለት ነው፣ አለችኝ። ለእኔ ዘዌ ታስረዳለች። አዘዞ ላይ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ዘዌ ሳስለካ ለኖርኩት፣ ፕሮትራክተር ሲጠፋ ከካርቶን አስቆርጬ ለማሠራው ለእኔ። ሳቅሁ እኮ፣ ምጥ ይዞኝ ሳቅሁ፣ መቶ ሃያን ካለፈ መንገዱ ገብቶታል በዪ አለች፣ እሺ መቶ ሃያ፣ በልቤ ያዝኩት፣ የራሴ ክፍል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፣ በዚህ ዓለም ላይ እኔን የማያታልል ነገር ካለ ዘዌ ነው ብዬ ጋደም አልኩ።

ታዲያ የወረደው ምንድን ነው? ቅድም መቶ አምስት የነበረ አሁንም መቶ አምስት ከሆነ ስንት ጨመረ ልጆች? ምንም ቲቸር። ጎበዞች፣ አጨብጭቡላቸው። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ተነስታ ግድግዳው ላይ ወጥታለች፣ በዚህ ሁሉ መሀል ወርዷል ስትለኝ ውላለች፣ እኔም በወረደ ቁጥር ደስ ሲለኝ፣ ደግሞ አመሰግናታለሁ እኮ፣ እግዜር ይስጥልኝ እላታለሁ፣ ፎገረችኝ፣ ይህችን ይህችን የሚያህል ደስታ እየቆራረሰች እንደ ሕፃን ስታጎርሰኝ ዋለች።

ቆይ፣ አትፍጠኚ፣ ዶክተሩ ስለ ሌላ ሴት ይሆናል ያወራው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አልጋ ባዶ ነው። ቅድም የጭልጋዋ ሴት ወልዳ ወጥታለች። እዚህ ያለነው ሴቶች እኔና ናዝራዊት ነን፣ ምጥ ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በዚህ ነገር እኮ ተማምለናል። እቤቴ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማዕድ ላይ ተቀምጠን። አሁን እኛ ክፍል አዲስ ነገር ጀምረናል አለች፣ ደስ ብሏት፣ ሥራዋን ስትወድ አይጣል ነው፣ እንደ ድሮው በየጊዜው እጅ አይገባብሽም፣ ራሱ የት እንደደረሰ፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ከውጭ በአልትራሳውንድ ነው የምናየው፣ ማሽኑ አይዋሽም አለች። አይዋሽም። እኔ የያዝኩት ያንን ቃል ነው፣ እጅ አለመግባቱን አይደለም። ናዝራዊት፣ አልኳት፣ አንድ ነገር ብቻ ማይልኝ፣ ካልወረደ አልወረደም በዪኝ፣ ልጄን ካመመው አመመው በዪኝ፣ ከሞተም ሞተ በዪኝ፣ ብቻ ሳይደርስ ደርሷል እንዳትዪኝ። የምታነሳውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችና ማርያምን አለች። ባሌ መዝሙርም አጠገባችን ነበር። ሰምቷል፣ ራሱን ነቅንቋል፣ ልክ ነሽ የሚል መስሎኝ ነበር።

ለምን እንዳልኩ ሁለቱም ያውቃሉ። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፣ ወግ ነው፣ እኔም ወጉን ጠብቄ የመውለጃዬ ወር ሲገባ እንፍራንዝ ሄድኩ፣ እማ አልጋውን አነጠፈች፣ እትዬ ካሰች መጡ፣ ሰፈሩን ሁሉ ያዋለዱ ናቸው፣ ሴቶቹ ከበቡኝ፣ መቀነቴን ፈቱልኝ፣ ማርያም ማርያም፣ እትዬ ካሰች ከእግሬ ስር ሆነው ደርሷል! አሉ። ደርሷል ልጄ፣ ጠጉሩ ታየ፣ ሸጋ ነው፣ አንዴ ብቻ አምጪ። አማጥኩ። ደርሷል፣ አሁን ጨርሺ። አማጥኩ። መሸ፣ ደርሷል፣ ነጋ፣ ደርሷል፣ ሴቶቹ ሁሉ ጎንበስ እያሉ አዩ፣ አዎ ጠጉሩ ታየ አሉ፣ እማም ጎንበስ ብላ አይታ አዎ ልጄ አለች፣ እማ፣ ዓይኔን እያየች። ኋላ እጄን እንኳ ማንሳት ሲያቅተኝ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፣ እዚያ ያለው ነርስ በእጁ መረመረኝና ቀና ብሎ፣ ማነው ደርሷል ያላችሁ፣ ራሱ እኮ ገና ላይ ነው አለ። እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ወንድ ነበር። ጠቅልለው ወሰዱት፣ አልነካሁትም፣ ተይ ይብስብሻል አሉኝ፣ የዲያቆን ልጅ ቢሆንም ክርስትና ያልተነሳ ፍትሐት የለውም፣ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረኝ ሰው እስከዛሬ የለም።

ክፋት አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ደርሷል ነው የምትባለው፣ እማም ተብላለች፣ የእማም እናት ተብላለች፣ ለጉልበት ነው፣ አይዞሽ እንደማለት ነው፣ ብዙዎቹ ተብለው ወልደዋል፣ የወለደች ሴት ደግሞ ቅድም ዋሽታችሁኛል ብላ አትከስም፣ ስቃ ትረሳዋለች። ያልወለደችዋ ናት የማትረሳው።

መጣ። ከወገቤ። አሁንስ አጥንቴን በመጥረቢያ፣ ተንፍሺ ትላለች፣ አልተነፍስም፣ ለአንቺ ብዬ አልተነፍስም፣ እሺ እተነፍሳለሁ፣ ለእሱ ብዬ፣ ለልጁ፣ በአፍሽ በአፍሽ ትላለች፣ ባል ሳታገባ፣ ሆዷ አንድ ቀን ሳይነፋ፣ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች፣ ማርያም ማርያም ማርያም፣ ከበሩ ወዲያ የመዝሙር ድምፅ አለ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሩፋኤልን ይለምንልኛል፣ ፈታሔ ማኅፀን ይለዋል፣ ፍታላት ይለዋል፣ ድምፁ በማኅሌት ቀን እንደሚያወጣው ነው፣ ከሁሉም በፊት የወደድኩት ያንን ድምፅ ነው፣ ፊቱን ሳላይ። ይለቀኛል። ይለቃል።

መዝሙር ደግ ነው። እንዲያውም ዛሬ ያለኝ እሱ ነው፣ እነዚህ ይዋሹ። ልጁ የሞተ ጊዜ ከእንፍራንዝ ሲወስደኝ በመንገድ እጄን ይዞ ነበር፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ነሳ ብቻ አለ፣ ሌሎቹ ምን ሆነሽ ነው፣ እንዴት ሆነ፣ ምን በልተሽ ነው ሲሉኝ እሱ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሳልናገር የገባው አንድ ሰው አለ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ናዝራዊት። ወይዬ። ዘዌው ስንት ነው? ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ። ጥሩ ቁጥር አይደለም፣ ስንት ነው? እንኳዬ አሁን እሱን ተዪውና ትንፋሽሽን አስተካክዪ። ስንት ነው? ዶክተር ክብረት ግድግዳውን ያያል፣ ጡት ስለ ማጥባት የተለጠፈ ሥዕል አለ፣ ነገ ፈተና ያለበት ይመስል እሱን ያጠናል። አንተ ንገረኝ እለዋለሁ። እሷን ያያታል። እኔን አትይ እላለሁ፣ አፌ ተሳስቶ፣ ማለቴ እሷን አትይ፣ እኔን እየኝ፣ የማምጠው እኔ ነኝ። ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ እንኳ በደንብ አልወጣም፣ ግን ይናገራል፣ እግዜር ይስጠው፣ መቶ አምስት ነው ይላል፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተለወጠም፣ የልጁ ፊት ወደ ላይ ነው የዞረው፣ ወገብሽን የሚያምሽ ለዚህ ነው፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይዞራሉ፣ ካልዞረ ኦፕራሲዮን እንገባለን፣ የልቡ ምት ደህና ነው።

በቃ። ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚገድለው ቃል የቱ ነው? እስኪ አውጡልኝ። ወደ ላይ ዞሯል። ሊዞር ይችላል። ካልሆነ ኦፕራሲዮን። ምን አለው? ይህንን ሰምቼ ምን እንዳልሆን ነው?

ምነው ታዲያ ዋሸሽኝ? እላታለሁ፣ የእማን አነጋገር አፌ ላይ እሰማዋለሁ። ለአንቺው ብዬ ነው ትላለች፣ እንዳትደነግጪ፣ ከደነገጥሽ ደግሞ ትተዪዋለሽ፣ እንደ በፊቱ ትተሽው... አለችና ክንዷን አፏ ላይ አደረገች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እንደ በፊቱ ምን?

ምንም።

ምን አልኩሽ፣ እንደ በፊቱ ምን? ማነው ትታዋለች ያለሽ?

ታለቅሳለች። ማስኳ ይረጥባል። መዝሙር ነው ትላለች፣ ትናንት ደውሎልኝ፣ መጥፎ ነገር ቢኖር እንዳትነግሪያት፣ ያኔም በር ላይ ደርሶ ነው ፈርታ የተወችው፣ ዘንድሮ እንኳ እያባበልን እናስወልዳት አለኝ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ምን ልበለው እንኳዬ።

በር ላይ ደርሶ። ፈርታ። የተወችው።

ድምፁ ከበሩ ወዲያ አለ። እየለመነልኝ ነው። ፍታላት፣ ፍታላት።

ሳይጠይቀኝ የኖረው መልሱን ስለያዘ ነው። እንዴት ሆነ ያላለኝ እንዴት እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ያንን ዝምታ እኔ ጠጥቼዋለሁ እኮ፣ ተንተርሼው ተኝቻለሁ፣ ልጁ የሞተበት ቀን መጥቶ ሳለቅስ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ከእኔ ጋር የሚያዝን መስሎኝ፣ ይቅር እያለኝ ነበር ለካ። ይቅር እያለኝ! ያላጠፋሁትን! በየማታው ለሁለታችን የሚጸልየው፣ ኃጢአታችንን ይቅር በለን ሲል ያቺን እያሰበ፣ ታዲያ ደግ ባል ሆኖ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ፣ ነፍሰ ገዳይ አቅፎ እየተኛ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አይ መዝሙር። አይ መዝሙር።

ማን ነገረው? ቆይ፣ እሱ እዚያ አልነበረም፣ ወንድ አይገባም፣ ግቢው በር ላይ ነበር የቆመው። እማ ናት። ሌላ ማን ይሆናል፣ ጧት በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች ወጥታ፣ አየ ልጄ፣ ምን ይሁን ትላለህ፣ በር ላይ ደርሶ፣ ጠጉሩ ታይቶ፣ እሷ እኮ ናት ፈርታ የተወችው፣ ትለዋለች፣ ሌላ ምን ልትለው ትችላለች፣ ዋሽተናት ነበር ልትለው ነው?

ልጆች፣ ወደ ሰሌዳው ተመልከቱ። የተሰጠ፣ ልጁ በር ላይ ደርሷል። የተሰጠ፣ ልጁ አልወጣም። ስለዚህ? እጅ አውጡ። ስለዚህ እናትየዋ አልገፋችም ቲቸር። ትክክል። ስሌቱ አንድ ስህተት የለበትም፣ ማንም ሰው ቢሠራው እዚያው ነው የሚደርሰው፣ መዝሙርም ሠርቶ ደረሰበት፣ የተሰጠው ነው ውሸቱ። አይዞሽ ብለው የሰጡኝ ውሸት ልጁ ሲሞት የት ይሂድ? ወደ እኔው ዞረ። እነሱ ጠጉሩን አይተዋል፣ ስንት ሴት መስክራለች፣ የቀረው የእኔ ጉልበት ነው። እኔ ራሴ እንኳ አንዳንድ ቀን፣ ልጆቹ ፈተና ላይ አቀርቅረው ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ምናልባት አንድ ጊዜ ብጨምር ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ነርሱ ገና ላይ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቼ እንኳ። እስከዚህ ድረስ ነው የገቡብኝ።

መጣ፣ መጣ፣ አትንኪኝ። ናዝራዊት አትንኪኝ። ውጪ። አልወጣም ትላለች። እንግዲያው አትናገሪ። እሺ። በግራ ጎንሽ ተኚ ይላል ዶክተሩ፣ እንዲህ ስትሆኚ ለመዞር ቦታ ያገኛል፣ ጊዜ እንስጠው፣ እሺ እላለሁ፣ ይህ ልጅ ባይኖር ምን እሆን ነበር፣ እዞራለሁ፣ ግድግዳውን አያለሁ፣ ከአዘዞ የተነሳ አውሮፕላን ጣራውን እያንቀጠቀጠ ያልፋል፣ ሰዎቹ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ውሃ እየተሰጣቸው፣ ምናለ ከእነሱ አንዷን ቢያደርገኝ።

ዝም ልበል? ዝም ብዬ ግድግዳውን እያየሁ ልተኛ? ለኦፕራሲዮኑ ይዘጋጁ፣ ያውጡት፣ እኔ ጨርሻለሁ፣ የምገፋላቸው ሰው የለም፣ ለማን ነው የምገፋው፣ ፈርታ ነው ለሚል ሰው ልጅ ላወጣለት ነው? ትታ ተኛች ይበሉ። ይበሉ እስኪ። እና ከዚያ በኋላ ልጁ ሲሞት ትክክል ይሆናሉ። ይኸው ነው ነገሩ። ዛሬ ዝም ብዬ ከተኛሁ የዛሬውንም የያኔውንም ልጅ ገድዬ እነሳለሁ፣ መዝሙር አላልኩም ነበር አይልም፣ ደግ ነው፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋል። እኔ የዚያን እጅ ክብደት አንድ ቀን አልችለውም።

ስለዚህ አልተኛም። ግን አላምናችሁም። ሁለቱንም እችላለሁ።

ዶክተር፣ ጊዜው ሲደርስ ምን ይሰማኛል? አይዞሽ አይለኝም፣ ትንሽ ያስብና፣ ከዞረ ሕመሙ ከወገብሽ ወደ ፊት ይመጣል ይላል፣ ከታች ደግሞ የከበደ ነገር የተቀመጠ ይመስልሻል፣ ሳትፈልጊ መግፋት ያሰኝሻል። እሺ። ይህ ለእኔ ነው፣ ይህን ማንም አያነብልኝም። እጠብቃለሁ። ከወገቤ፣ ማርያም። ከወገቤ። ከወገቤ። ናዝራዊት ጥግ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ብትናገር እንደምጮህ ታውቃለች፣ ሕፃን ሆና እኔ ጋ እየመጣች ክፍልፋይ የማስጠናት ልጅ ናት እኮ፣ ታችኛው ቁጥር ሲበዛ ለምን ያንሳል እያለች ስታለቅስ። ያኔ መልሱ ሳይገባት ገብቶኛል ብላኝ ታውቃለች፣ እኔን ለማስደሰት። ዛሬም ያው ናት።

ይህኛው ግን።

ይህኛው ከወገቤ አልተነሳም፣ ተነሳ እንጂ እዚያ አልቆየም፣ ዞሮ እምብርቴ ስር መጣ፣ ሆዴ እንደ ድንጋይ ሆነ፣ ወገቤ ተንፈስ አለ፣ ደግሜ ልየው፣ አትቸኩዪ፣ አንድ ጊዜ ምስክር አይሆንም። መጣ። አሁንም ከፊት። እና ከታች፣ ኦ፣ ከታች፣ ሳልፈልግ ትንፋሼ ይያዛል፣ ሰውነቴ ሳይጠይቀኝ ይገፋል፣ ድምፄ የእኔ አይደለም፣ በጥጋብ እንደሚያገሳ በሬ፣ ዶክተሩ ይሮጣል፣ ጄል፣ ቀዝቃዛ፣ እጀታው ይነካኛል፣ ናዝራዊት ሳልፈቅድላት መጥታ ይዛዋለች፣ ከዚያ ትጮሃለች፣ ዞሯል! እንኳዬ ዞሯል! መቶ ሃምሳ! ኧረ ይጨምራል፣ ደርሷል!

ደርሷል።

ያቺ ቃል። ሰውነቴ ቀጥ ይላል። ሊገፋ የነበረው ሁሉ ተመልሶ ይገባል፣ ጉልበቴ ይገጥማል፣ እኔ አይደለሁም የምገጥመው፣ ራሱ ነው። እንኳዬ ግፊ! አልገፋም። በማርያም፣ እውነቴን ነው! የቱ እውነትሽ፣ ማርያምን ብለሽ አይደል የዋሸሽኝ፣ ስንት ማርያም አለችሽ? ስክሪኑን አዙሩልኝ። አሁን ጊዜ የለም። አዙሩልኝ አልኩ! ይዞራል፣ የማሽኑ ጎማ ሲጮህ ይሰማኛል፣ አያለሁ፣ ጉም ነው፣ የሊማሊሞ ጉም፣ ግራጫ በግራጫ፣ የት ነው አጥንቴ፣ የት ነው ልጄ፣ ሁለት መስመር አያለሁ፣ ሁለቱ ሲገናኙ አያለሁ፣ ጥግ ላይ መቶ ሃምሳ ሁለት የሚል አያለሁ፣ ቁጥር ነው፣ ቁጥር አውቃለሁ፣ ቁጥር አይዋሽም።

መስመሩን ማን አሰመረው?

ምን?

መስመሩን። ማሽኑ ነው ያሰመረው ወይስ አንቺ ነሽ?

እኔ ነኝ ትላለች፣ ድምፅዋ ይሞታል፣ በእጅ ነው የሚሰመረው።

አያችሁ። የእኔ ተማሪዎች ይህን ነው የሚያደርጉት፣ መልሱን ከጓደኛቸው ሰምተው መስመሩን መልሱ ወዳለበት ያዘነብሉታል፣ ፕሮትራክተሩ ምን ያድርግ፣ ያስቀመጡትን ይለካል። ማሽኑም አፍ የለውም፣ እሷን ነው የሚናገረው። ቀኑን ሙሉ ዘዌን አምኜ፣ ዘዌውን የያዘውን እጅ ሳልጠይቅ።

የልቡ ምት ዝቅ እያለ ነው ይላል ዶክተር ክብረት፣ አሁን መግፋት አለብሽ እህቴ፣ ዝም ብለሽ መቆየት አይቻልም። እሱ እስካሁን አልዋሸኝም። ግን እሱም ዶክተር ነው፣ እሱም እንድገፋ ይፈልጋል፣ የሚያዋልዱኝ ሁሉ እንድገፋ ይፈልጋሉ፣ የልቡን ምት የሚያሰማው ማሽን ጧት ዱብ ዱብ ዱብ ሲል የነበረው አሁን ዱብ... ዱብ... ይላል፣ ሰማሁት፣ ይህንን ማንም አላሰመረውም፣ ከበሩ ወዲያ መዝሙር ዝም ብሏል፣ እሱም ሰምቶታል ማለት ነው፣ አሁን ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ይሄውና ተወችው ይላል፣ በልቡ፣ በደግ ልቡ።

እጄን እሰዳለሁ።

እጅሽ ንጹሕ አይደለም ትላለች ናዝራዊት፣ ተያት ይላል ዶክተሩ፣ እጄ ሆዴን ያልፋል፣ ሆዴ ጠንካራ ነው፣ ጭኔን፣ ጄሉን፣ ያቺን እስከዛሬ የስንት ሰው እጅ ሲገባባት የእኔ ብቻ ያልደረሰባትን፣ እትዬ ካሰች የነኩኝን፣ ነርሱ የነካኝን፣ ሁሉም አይተው መጥተው የነገሩኝን፣ ጣቴ ይደርሳል፣ መጀመሪያ የማላውቀው ነገር ነው፣ ለስላሳ ሆኖ ጠንካራ፣ እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ እና

ጠጉር።

ጠጉር ነው። ጣቴ ላይ ይጠመጠማል። በጣቴ ጫፍ ልክ የምትሆን ጠጉር፣ ሞቃት ናት፣ ስነካት ወደ ውስጥ ትሸሻለች፣ ስጠብቃት ትመለሳለች፣ ያኛውን አልነካሁትም፣ እሱ ጠጉር ይኑረው አይኑረው አላውቅም፣ ሁሉም አይተናል ሲሉ እኔ ብቻ፣ ይህን ግን ነካሁት፣ ከመዝሙር በፊት፣ ከእማ በፊት፣ ከዓለም ሁሉ በፊት።

ጣቴን አላነሳም። የሚመጣው ይመጣል፣ ከሩቅ ሲነሳ ይሰማኛል፣ ከፊት ነው፣ ትልቅ ነው፣ እንኳዬ በናትሽ ትላለች ናዝራዊት፣ ዝም በይ እላታለሁ፣ መስማት ስለማልፈልግ አይደለም፣ አንድ ቃል ከአፍሽ ልወስድ ነው። መዝሙር፣ እዚያው ቁም፣ ከአንተ ጋር ገና ነን፣ ይህን ልጅ አቅፌ ነው የማናግርህ፣ ስለ ሁለቱም ልጆች፣ አንድ በአንድ፣ እስክትሰማኝ ድረስ፣ እማንም እንፍራንዝ ድረስ ሄጄ፣ መጣ፣ አሁን፣ ና፣ ና የእኔ ልጅ፣ እገፋለሁ፣ ፈርቻለሁ እና እገፋለሁ፣ ጠጉሩ ጣቴን ያልፋል፣ መዳፌ ይሞላል፣ እና ጮክ ብዬ፣ ከበሩ ወዲያ ያለው እንዲሰማ፣

ደርሷል እላለሁ። ማንም አልነገረኝም።